እስኪበርድ ድረስ

ሲያትል ሲበርድ አባቴ ሳይደውል ይመጣል። በሌላ ጊዜ ከሬኒየር ቢች እኔ ያለሁበት ስካይዌይ ድረስ ዳገቱን ና ቢሉት ጉልበቱንና ትራፊኩን ሰበብ አድርጎ የሚቀር ሰው ነው። ዜናው «ዛሬ ሌሊት በረዶ ይሠራል» ያለ እንደሆነ ግን በነጋታው ጠዋት መኪናውን ደጄ ላይ ፓርክ አድርጎ፣ የጓሮዬን በር ጓጉንቸር በሁለት መዳፉ ይዞ አገኘዋለሁ።

«አባዬ፣ ቢያንስ መጀመሪያ ግባና ሻይ ጠጣ።»

«ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ።»

አልጨረሰም። ቁልፉን በደረቅ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ ቀዳዳው ወደ ታች መዞሩን ያያል፤ ከቆርቆሮው የሲሊኮን ቅባት ይነፋበታል፤ ከአሮጌ ጎማ የቆረጣትን ላስቲክ እንደ ክዳን ያለብሰዋል። ከዚያ በር ጀርባ ያለው ሁለት የቆሻሻ በርሜልና የባለቤቴ የእዮብ ብስክሌት ነው። ሌባ ቢገባ እንኳ አዝኖልን የሚወጣ ይመስለኛል። እዮብ አንድ ቀን «ጋሽ ይርጉ፣ በኮድ የሚከፈት ልግዛና ይገላግልዎት» ቢለው፣ አባቴ አንዴ አየውና ላስቲኩን ማስተካከሉን ቀጠለ።

ዛሬም መጥቷል። እኔ ሲታክ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ካለው ሆቴል ሺፍቴን ጨርሼ መግባቴ ነው። እግሬ አብጧል፤ ዓይኔን አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኛል። ቢሆንም ዛሬ ሳልጠይቀው አልተኛም ብያለሁ። ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። የክርስትና እናቴ እትዬ ደስታነሽ በሰርጌ ዕለት አደራ ብላ ልካኛለች፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መልስ እየጠበቀች ነው። እኔ ደግሞ መልሱን ፈርቼ፣ ዛሬ ነገ እያልኩ ይኸው ክረምቱ ገባ።

ጥያቄው እንዲገባችሁ የሰባት ዓመት ልጅ ወደነበርኩበት ጊዜ ልውሰዳችሁ።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን እዚሁ ስካይዌይ ዳገቱ ላይ ነበር። ሕንፃው ድሮ የመኪና ዕቃ መጋዘን ነበር ይባላል። ዙሪያው የሽቦ አጥር ነው፤ የአጥሩ በር በሰንሰለት ይታሰራል፤ ውስጡ ዝናብ የገባበት ምንጣፍ ይሸታል። እኔ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ስላላየሁ፣ የእግዚአብሔር ቤት ሁሉ እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

እሑድን የምወደው በእትዬ ደስታነሽ ምክንያት ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፤ ስለዚህ ልጅ አያስደነግጣትም፣ ጩኸታችንም አይሰለቻትም። ከቅዳሴ በኋላ ትልልቆቹ ፓርኪንጉ ላይ ቆመው ወሬያቸው አላልቅ ሲል እጄ ይቀዘቅዛል። ያኔ ወደ እሷ እሄዳለሁ። ምንም ሳትለኝ ሁለቱን እጆቼን በኮቷ እጅጌ ውስጥ ወደ ላይ ትሰዳቸዋለች፤ እስከ ክርኗ ይደርሳሉ። እሷ ወሬዋን ትቀጥላለች፤ እኔ ክንዷ ላይ እሞቃለሁ። እንደዚያ ቆመን የሚያየን ሰው አንድ ኮት ለሁለት የለበስን ይመስለዋል።

ከአባቴ ጋር አበልጅ ናቸው፤ ስለዚህም ይከባበራሉ። እኩያሞች ሆነው ሳለ እሷ «እንዴት አደሩ አበልጄ» ትለዋለች፤ እሱም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ይላታል። እናቴ ግን አባቴን «አንተ» ነው የምትለው። ከዚህ ተነሥቼ አንድ የራሴን ሕግ አውጥቼ ነበር፦ አንቱ ገና ላልተዋወቁ ሰዎች ነው፣ አንተ ደግሞ ለሚዋደዱ። አባቴና እትዬ ደስታነሽ መቼ ተዋውቀው እንደሚጨርሱ ይገርመኝ ነበር።

ከዚያ ጠቡ መጣ። ትልልቆቹ ስለ ቦርድ ይጨቃጨቁ ጀመር። «ቦርዱ ይውረድ!» ይላል አንዱ። «ቦርዱ ሕጋዊ ነው!» ይላል ሌላው። እኔ የማውቀው ቦርድ አስተማሪዬ የምትጽፍበትን ነው። ምድር ቤት፣ ከወጥ ቤቱ አጠገብ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ነጭ ቦርድ ነበረ፤ «ሳህን ያጠበ ይባረክ» የሚል ተጽፎበታል። የሚጣሉበት እሱ ነው ብዬ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። አልወረደም። ታዲያ ይህን ያህል ከተጣሉበት ለምን አውርደው አይገላገሉትም እል ነበር።

አሁን ሳስበው ጠቡ ካህን ማን ይቅጠር፣ ሕንፃው በማን ስም ይሁን የሚል ነበር። አባቴ ከቦርዱ ጋር ቆመ፤ እትዬ ደስታነሽ ከሌሎቹ ጋር። ሁለቱም እውነት አለን ይሉ ነበር፤ ሳይኖራቸውም አይቀርም። አሁን ግን ያን ክርክር ሙሉውን ሊነግረኝ የሚችል አንድ ሰው አላገኘሁም። የነበሩት ሁሉ «ተይው፣ ደከመኝ» ነው የሚሉኝ።

ሽማግሌዎች ገቡበት። አንድ እሑድ እነሱ፣ አንድ እሑድ እኛ እንድንቀድስበት ተወሰነ። አንዱ ወገን በሌላው ቁልፍ አላምንም ስላለ፣ የአጥሩ ሰንሰለት ሁለት ጓጉንቸር ተደረገለት። አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ተቆልፏል፤ የትኛውም ቢከፈት በሩ ይከፈታል። የእኛው ቢጫ፣ የእነሱ ብርማ ነበር። እኔ ሁለቱ ቁልፎች ተቃቅፈው የተንጠለጠሉ ይመስለኝ ነበር። እንደተጣሉ የነገረኝ የለም።

ከዚያ በኋላ እትዬ ደስታነሽን ማየት ቀረ። እናቴን ጠየቅኳት። እናቴ የኔነሽ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ውላ መጥታ፣ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር።

«እማዬ፣ እትዬ ደስታነሽ ቤት መቼ ነው የምንሄደው?»

«ነገሩ ይብረድ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ።»

«ዌን?»

«እስኪበርድ ድረስ እንጠብቃለን። ኦኬ? በቃ።»

ነገሩ ይብረድ። ይህችን ቃል ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቦታው እሰማት ጀመር። አባቴ በስልክ «ይሄ ነገር ካልበረደ አንድም ቦታ አንደርስም» ይላል። ሽማግሌው አቶ ወልደ ሥላሴ ቤታችን መጥተው «እንግዲህ እስኪበርድ ሁሉም አፉን ይሰብስብ» ይላሉ። የእኔ አማርኛ የወጥ ቤትና የመኝታ ቤት አማርኛ ነው፤ ሾርባ ሲበርድ አውቃለሁ፣ እግር ሲበርድ አውቃለሁ። ጠብ እንደሚበርድ ማን ነግሮኝ? ነገር ማለት ደግሞ ዕቃ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ አለ፤ ያ ዕቃ ሲበርድ እትዬ ደስታነሽ ትመለሳለች።

ዕቃው የቱ እንደሆነ ያወቅኩት ውርጩ ሲጀምር ነው። አባቴ ሲታክ አንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የግቢው በሮች በሙሉ ጓጉንቸር ነበራቸው፤ ውርጭ ሲወርድ የሚተኛ ቁልፍ እንዴት እንደሚነቃ ከዚያ ተምሯል። አንድ ማታ እራት ላይ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት።

«የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ በርዶ እምቢ ብሎ ነበር ዛሬ። ትንሽ አሸሁትና እሺ አለ።»

«የማን ቁልፍ?» አለች እናቴ።

«የእነሱ።»

«አንተ ሰው፣ የእነሱን ምን አገባህ?»

አባቴ ዳቦውን ቆረሰ። እኔ ግን ማንኪያዬን ይዤ ቀረሁ። በርዶ ነበር! ዕቃው እሱ ነው! በርዶ ሳለ አባቴ ሄዶ አሸው። የገዛ አባቴ እንዳይበርድ አደረገው።

ከዚያ በኋላ አባቴን እከታተለው ጀመር። የእርሳሴን ጥቁር በምላጭ ፈቅፍቆ ዱቄቱን በወረቀት ሲጠቀልል አየሁት፤ ቁልፍ ውስጥ ሲገባ እንደሚያላላው አላውቅም። የድሮ ብስክሌቴን የውስጥ ጎማ በመቀስ ሲቆርጥ አየሁት፤ ጓጉንቸሩን ከዝናብ የሚከልል ክዳን እየሠራ እንደሆነ አላውቅም። መሣሪያውን በሻንጣ አሰናድቶ በእነሱ እሑድ፣ ገና ሳይነጋ፣ ይወጣል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እትዬ ደስታነሽ እንዳትመጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። አባቴን የምወደውን ያህል ያን ክረምት ጠላሁት። ፊቱን ላለማየት ቁርሴን ሶፋው ጀርባ ተቀምጬ የበላሁበት ቀን አለ።

እናቴ ኋላ ነው ያጫወተችኝ። የእኛ ቁልፍ ውስጥ አንድ እሑድ ማስቲካ ተገኝቶ ነበር፤ ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እኔ ልጆች ይመስሉኛል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ወገን ቁልፉን በጥርጣሬ ነው የሚከፍተው። የእነሱ ቁልፍ አንድ ጠዋት በረዶ ይዞት እምቢ ቢል «ዘጉብን» ይላሉ፣ ሰንሰለቱን ይቆርጣሉ፣ ፖሊስ ይጠራል፣ የሽማግሌዎቹ ልፋት ገደል ይገባል። አባቴ ይህን ነው የፈራው። ነገሩ እንዲበርድ፣ ቁልፉ እንዳይበርድ ይሮጥ ነበር።

ያቺ እሑድ የእነሱ ናት። ከዋዜማው ጀምሮ ዘንቦ ዘንቦ፣ ወደ ንጋት ሰማዩ ጠርቶ ሁሉንም መስታወት አደረገው። እናቴ ድንገት ሥራ ተጠራች። አባቴ ብቻዬን ትቶኝ መሄድ ስለማይችል ፒጃማዬ ላይ ጃኬት ደርቦ፣ ጫማዬን አድርጎ መኪና ውስጥ ጫነኝ። እኔ ደስ ብሎኛል፤ በረዶውን በዓይኔ ላየው ነው።

ዳገቱን ስንወጣ ጎማው ሁለት ጊዜ ከዳን። አባቴ መሪውን አጥብቆ ይዞ «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ይላል። ደርሰን ስወርድ ከበሩ ፊት ያለ ኩሬ ላይ ወጣሁ፤ በረዶው ተሰበረና እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ቢያውቅ መኪና ውስጥ ይመልሰኛላ።

የላስቲኩ ክዳን በነፋስ ወልቆ መሬት ወድቋል። ብርማው ቁልፍ ነጭ ቅርፊት አብቅሏል። አባቴ ጓንቱን አውልቆ በመዳፉ ያዘው።

«እምቢ ብሏል» አለ ለራሱ።

እኔ በልቤ እልል አልኩ።

ላይተሩን አውጥቶ የቁልፉን ሆድ ከሥር ያሞቀዋል፤ ከትንሽ ጠርሙስ አልኮል በቀዳዳው ይጨምራል፤ ይጠብቃል፤ ያራግፈዋል። ለማየት ጠጋ ስል ትንፋሼን አይቶ በእጁ መለሰኝ።

«እፍ አትበይበት። ትንፋሽሽ ውሃ ነው፤ ውስጥ ገብቶ መልሶ ይበርዳል።»

ዞር ሲልልኝ ጠብቄ በደንብ አድርጌ አንድ እፍ አልኩበት።

መኪና የመጣው አባቴ ዱቄቱን በቀዳዳው እየነሰነሰ ሳለ ነው። እትዬ ደስታነሽ ናት። በነጠላዋ ላይ ወፍራም ኮቷን ደርባለች፤ ቁልፍ በእጇ ይዛለች። ከእሷ ጋር አቶ መንግሥቴ ወረዱ፤ በእነሱ ወገን አብዝተው የሚናገሩ ረጅም ሰውዬ ናቸው። እኔ ልቤ ሊፈነዳ ደረሰ። ቁልፉ በረደ፣ እሷም መጣች! ልክ ነበርኩ ማለት ነው!

ሮጬ ሄጄ ሁለቱን እጆቼን ዘረጋሁላት። እሷ ግን የምታየው ከራሴ በላይ ነው። አባቴ ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ ላይተር፣ በሌላው የእነሱን ቁልፍ ይዟል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለችው።

አንተ አለችው! ተዋወቁ፣ ተዋደዱ አልኩ። አባቴ ቀስ ብሎ ቀና ሲል ፊቱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ አልገባኝም። አበልጁን አንተ ማለት፣ ክርስትናውንም ዝምድናውንም በአንድ ቃል መቁረጥ እንደሆነ ማን ይንገረኝ።

«በረዶ ይዞት ነው፣ አበልጄ» አላት። «እንዳይቸገሩ ብዬ ነው።»

«ምንድን ነው የከተትክበት?» አሉ አቶ መንግሥቴ። «ይሄ ጥቁር ነገር ምንድን ነው? ሙጫ ነው? የማስቲካውን ብድር ልትመልስ ነው?»

«የእርሳስ ዱቄት ነው።»

«የእርሳስ ዱቄት!» አሉ አቶ መንግሥቴ፤ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አላማረኝም። «ሶ፣ በእኛ እሑድ፣ በእኛ ቁልፍ ላይ፣ ገና ሳይነጋ መጥተህ እርሳስ ትቀርጻለህ?»

እትዬ ደስታነሽ እንደ ማመንታት አለች። አሁን ይታየኛል፤ ልታምነው ፈልጋ ነበር። አቶ መንግሥቴን በእጇ ዝም አሰኝታ ወደ እኔ ጎንበስ አለች። እጄ እንደተዘረጋ ነው።

«ሃሴትዬ፣ የኔ እናት፣ አንቺ ንገሪኝ። አባትሽ ምን እያደረገ ነው?»

ስንት ጊዜ ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ! ትልልቆቹ ይዘጋል፣ ይቆለፋል፣ በረዶ ይይዘዋል ይላሉ፤ እኔ ለብርድ ያለኝ ቃል አንድ ብቻ ነው።

«አባዬ እንዲበርድ አይፈልግም» አልኳት። «እንዳይበርድ እየመጣ ያሞቀዋል።»

«ሁልጊዜ?»

«ኤቭሪ ታይም።»

የእትዬ ደስታነሽ ፊት ደነገጠ፤ ከዚያ ተዘጋ። ቀና ብላ ቆመች። «ልጅ አይዋሽም» አለች፤ ለማን እንዳለችው አላውቅም። አባቴ እኔን አየኝ። አፉን ከፈተ። ቁልቁል ጫማዬን አየ። አፉን ዘጋ። ላይተሩን ኪሱ ከተተና አንሥቶ አቀፈኝ።

«በሉ፣ ደህና ዋሉ» አለ።

ወደ መኪናው ሲወስደኝ በትከሻው ላይ ሆኜ ወደ ኋላ አያለሁ። እትዬ ደስታነሽ ቁልፏን ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተተች። ሳያንገራግር፣ በአንዴ ዞሮ ተከፈተላት። «እግዚአብሔር ነው በጊዜ ያደረሰን» ሲሉ አቶ መንግሥቴን ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፈጣን ነው። ወሬው ከሽማግሌዎቹ ጆሮ ደረሰ። አቶ ወልደ ሥላሴ ቤታችን መጥተው «ይርጉ፣ አንተ እንኳ!» ብለው ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ። ስምምነቱ ፈረሰ፤ የእኛ ወገን ሕንፃውን ለቀቀ። ሬኒየር ቢች አንድ አዳራሽ ተከራየን፤ ምንጣፍ የለውም፣ የወለል ማጽጃ ነው የሚሸተው፤ እዚያ ስጸልይ አንድም ቀን የሚሰማኝ አልመሰለኝም።

በዚያው ሰሞን በረዶ ጣለ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አውቶቡስ ቆመ፣ ቧንቧችን ፈነዳ። እኔ መስኮት ላይ ተለጥፌ እጠብቃለሁ። ከዚህ በላይ የሚበርድ ነገር የለም እላለሁ። ሁሉም ነገር በረደ፤ እትዬ ደስታነሽ ግን አልመጣችም። በረዶው ሲቀልጥ መጠየቄን ተውኩ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ይሁን፣ ይመጣል» ሲለኝ ማመን ያቅተኛል፤ ይህ ጠባይ ከዚያች መስኮት የመጣ ይመስለኛል።

ዓመታት ሄዱ። አማርኛዬ አደገ። በረደ የሚለው ቃል ለጠብም እንደሚሆን አንድ ቀን፣ ሥራ ቦታ፣ ሁለት የፅዳት ሠራተኞች ተጣልተው ሳስታርቅ «እስኪ ይብረድላችሁ» ስል ከራሴ አፍ ሰማሁት። የዚያን ክረምት ስሕተቴን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ ሳቅኩም። ግማሹን ብቻ እንዳወቅኩ የገባኝ ግን በሰርጌ ዕለት ነው።

ያኔ ነገሩ በርዶ ነበር። ማንም አላስታረቀውም፤ ሰዉ ደከመ። የጮሁት አረጁ፣ አንዳንዶቹ ሞቱ፣ ልጆቻቸው ሌላ ስቴት ሄዱ። ለቅሶ ላይ ሲገናኙ ከሩቅ እጅ መነሣሣት ጀመሩ። እናቴ «ክርስትና ያነሣችሽ ናት፣ ካርድ ስደጂላት» አለችኝ፤ ሰደድኩ፤ መጣች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል፣ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ከአዳራሹ ኮሪደር ላይ ጠራችኝ።

«ለአባትሽ ቂም የለኝም» አለችኝ። «አልፏል። ያን ቀን ግን አንቺ ባትነግሪኝ ኖሮ ሞኝ ሆኜ እቀር ነበር።»

«የቱን ቀን?»

«በሩ ላይ። 'አባዬ እንዲበርድ አይፈልግም' አልሽኝ እኮ። ልጅ ቤቱ የሰማውን ነው የሚናገረው። እኔ ነገሩ እንዲበርድ ከእነ መንግሥቴ ጋር ስሟገት፣ አበልጄ እሳት እየጫረ ኖሯል አልኩ። አንጀቴ ቁርጥ አለ።»

የቬሎዬን ጫፍ እንደያዝኩ ቆምኩ። መጀመሪያ ሳቅ ነበር የመጣብኝ።

«እትዬ፣ ቁልፉን ነው እኮ ያልኩሽ!»

«የምን ቁልፍ?»

«ጓጉንቸሩን! እንዳይበርድ፣ በረዶ እንዳይይዘው። ለእናንተ ብሎ ነው የሚያሞቀው፤ በሩ እምቢ እንዳይላችሁ።»

ግድግዳውን ተደግፋ ወንበር ፈለገች። አስቀመጥኳት። «ያ ላስቲክ...» አለች።

«የቱ ላስቲክ?»

«እናንተ ከሄዳችሁ በኋላም፣ በየክረምቱ ቁልፋችን ላይ ላስቲክ ተደርጎ አገኛለሁ። ዲያቆኑ ነው እያልኩ እመርቀው ነበር። ዲያቆኑ ሲቀየርም ላስቲኩ አልቀረም።» ዓይኖቿን በነጠላዋ ጠረገች። «አበልጄ ለምን ዝም አሉኝ? አንድ ቃል ቢናገሩ አምናቸው ነበር። ጠይቂልኝ። እኔ ምን አፍ አለኝ።»

አሉኝ አለች። አንቱ ወደ ቦታው ተመለሰ።

እንግዲህ ያልጠየቅኩት ይህን ነው። የፈራሁት መልስ ነበረኝ፦ በአንቺ አፍሬ ነው ይለኛል ብዬ። ወይም፣ ከዚያም የባሰ፣ አንቺን ላለማሳፈር ነው ይለኛል። በሁለቱም በኩል የምቆመው እኔ ነኝ። ያን ያህል ዓመት፣ አበልጁን፣ ወዳጆቹን፣ ስሙን በእኔ ምክንያት ያጣ ሰው ፊት ቆሜ ምን እላለሁ?

ዛሬ ግን ጃኬቴን ደርቤ ወደ ጓሮው ወጣሁ። አባቴ ላስቲኩን እየቸነከረ ነው። ጓንት አላደረገም።

«አባዬ፣ እትዬ ደስታነሽ አንድ ነገር ጠይቂው ብላኝ ነበር።»

መዶሻው ቆመ። «ምን አሉ?»

«ያን ቀን ለምን ዝም አሉኝ ነው የምትለው። ቁልፉን ነው ብለህ ብታስረዳት ኖሮ...»

«ያልሽውንም ሰምቻለሁ፤ እሳቸው የገባቸውም ገብቶኝ ነበር» አለ። ነገሩን ትናንት እንደሆነ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ታዲያ?»

«ታዲያማ በርዶሽ ነበር።»

«ማን?»

«አንቺ ነሻ። አንድ ጫማሽ ረጥቦ ነበር። ካልሲሽ ላይ በረዶ ይዟል፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል። እኔ ላስረዳ ብል መንግሥቴ ይመልሳል፣ እኔ እመልሳለሁ፤ መች ያልቃል? መጀመሪያ መኪና ውስጥ ላስገባሽና እግርሽን ላሙቀው፣ እሳቸውን በኋላ አስረዳለሁ ብዬ ነው።»

«በኋላስ?»

«በኋላማ ስልኬን አላነሡም።» መዶሻውን ኪሱ ከተተ። ጓጉንቸሩን አንዴ ከፍቶ ዘጋው፤ ደህና ነው። «ሻዩ አለ?»

ያን ሁሉ ዓመት ትልቅ ምክንያት ስፈልግለት ኖሬያለሁ። ኩራት፣ ሐፍረት፣ ይቅርታ፣ ምን የማላስበው ነበር። ለካ እግሬን እያየ ነው። ልስቅ ነው ላለቅስ ነው እያልኩ ሁለቱም እምቢ አሉኝ፤ አንገቱን አቅፌ ቆምኩ። «ምን ሆንሽ፣ ግቢ፣ ብርዱ» አለኝ።

ሻዩን አቅርቤለት፣ ጓዳ ገብቼ እትዬ ደስታነሽን ኮል አደረግኳት። በመጀመሪያው ጥሪ አነሣችው።

«ጠየቅሽልኝ?»

«ጠየቅኩት። በርዷት ነበር ነው የሚለው፣ እትዬ። እኔን ነው። እግሬ ረጥቦ ስለነበር ወደ መኪናው ሊወስደኝ ቸኩሎ ነው።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ትንፋሿ ይሰማኛል። ያን ጠዋት የዘረጋኋቸውን እጆቼን አሰብኩ፤ እሷም እነሱን ሳታስብ አልቀረችም።

«አዎ» አለችኝ በመጨረሻ። «በርዶሽ ነበር። እኔም አይቼ ነበር።»